የደም ምስክርነትና አንዲት እናት

«ደም ይጮሃል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ከአቤል ጀምሮ በግፍ የፈሰሰ ደም ተደብቆ እንደማይቀር፣ ቢዘገይም ገዳዩን እንደሚያጋልጥ እናምናለን። በዘመናችን ደግሞ ይህን እምነት የቴሌቪዥን ፊልሞች አጠናክረውታል። መርማሪው ጓንቱን ያጠልቃል፣ ከወለሉ ላይ አንዲት ጠብታ በጥጥ ያነሳል፣ ወዲያው የገዳዩ ስምና ፎቶግራፍ ኮምፒዩተር ላይ ይወጣል። ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን አብረውን ተቀምጠው ስለሚያዩ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ቀላል ይመስላቸዋል።

ደም በእርግጥ ይመሰክራል። ነገር ግን የሚመልሰው የተጠየቀውን ያህል ብቻ ነው። «ይህ ደም ነው ወይ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ «የሰው ደም ነው ወይ?» ሌላ ጥያቄ ነው፤ «የማን ደም ነው?» ሦስተኛ ነው፤ «እንዴት እዚህ ደረሰ?» ደግሞ አራተኛ። አንዱን ጥያቄ መልሶ አራቱንም የመለሰ የሚመስለው መርማሪ ንጹሕ ሰው ወህኒ ሊያስወርድ ይችላል። ይህ በአውስትራሊያ በአንዲት እናት ላይ ደርሷል። ታሪኩ ወላጅ ለሆነ ሁሉ የሚያስተምረው ብዙ ነገር አለ።

ከድንኳን የጠፋችው ሕፃን

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 11 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን ኦገስት 17 ቀን 1980። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር የነበረው ማይክል ቻምበርሌን፣ ባለቤቱ ሊንዲና ሦስት ልጆቻቸው በአውስትራሊያ መሀል በረሃ ውስጥ ወዳለው ኡሉሩ ወደተባለው ታላቅ ቋጥኝ ለሽርሽር ሄደው ነበር። የመጨረሻዋ ልጅ ገና ዘጠኝ ሳምንቷ ነው። ስሟ አዛርያ ይባላል።

ማታ ላይ ሊንዲ ሕፃኗን ድንኳን ውስጥ፣ ከተኛው የአራት ዓመት ወንድሟ አጠገብ አስተኝታ ሌሎች ሰዎች እራት ወደሚያበስሉበት ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ሊንዲ ሄዳ ስታይ ዲንጎ የተባለው የአገሩ የዱር ውሻ ከድንኳኑ ሲወጣ ተመለከተች፤ የሕፃኗ መኝታ ባዶ ነበር። ዲንጎ ልጇን እንደወሰደባት እየጮኸች ሰው ጠራች። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ባትሪ ይዘው ሌሊቱን ሙሉ ፈለጉ። ዱካ በማንበብ የታወቁ የአገሬው ተወላጆች የዲንጎ ኮቴና አንድ ነገር የተጎተተበትን ምልክት አሸዋው ላይ አዩ። ድንኳኑ ውስጥም ደም ተገኝቷል። ሕፃኗ ግን አልተገኘችም። ከሳምንት በኋላ በደም የተበከለ ልብሷ ብቻ ከቋጥኙ ግርጌ ተገኘ። ሊንዲ ከላይ አልብሻት ነበር ያለቻት ትንሽ ጃኬት ከልብሶቹ መሀል አልነበረችም።

በ1981 መጀመሪያ ላይ የአሟሟቱን ሁኔታ ያጣሩት ዳኛ ዴኒስ ባሪት ሕፃኗን የገደላት ዲንጎ መሆኑንና ወላጆቿ ከጥፋቱ ነጻ መሆናቸውን በቴሌቪዥን በቀጥታ በተላለፈ ውሳኔ ተናገሩ። ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት።

ወሬው ከምርመራው ቀደመ

አላበቃም። ሊንዲ በቴሌቪዥን ስትጠየቅ አላለቀሰችም፤ ረጋ ብላ ነበር የምትናገረው። እኛ ዘንድ ደረቷን ያልመታች፣ ፊቷን ያልነጨች እናት ምን እንደሚወራባት እናውቃለን። እዚያም እንደዚያው ሆነ። «ልጇ የሞተባት እናት እንዲህ ትሆናለች?» ተባለ። ብዙ ሰው ስለ አድቬንቲስቶች የሚያውቀው ጥቂት ስለነበረ ሃይማኖታቸውም ለወሬ ተመቸ። የሕፃኗ ስም «በበረሃ የሚቀርብ መሥዋዕት» ማለት ነው የሚል ወሬ በአገሩ ሁሉ ተዛመተ።

እኛ አንባቢዎች ይህን ስም ከአናንያና ከሚሳኤል ጋር አብረን የምንጠራው የሠለስቱ ደቂቅ ስም ነው። በዕብራይስጥ ትርጉሙ «እግዚአብሔር ረዳ» ማለት ነው። መጽሐፍ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ ወሬው ባንድ ቀን ይከሽፍ ነበር። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚባለው ለዚህ ነው።

በመኪናው ውስጥ የተገኘው «ደም»

ፖሊስ ጉዳዩን እንደገና ከፍቶ፣ ሕፃኗ ከጠፋች ከአንድ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ የቤተሰቡን ቢጫ ሆልደን ቶራና መኪና ወሰደ። ከፊት መቀመጫው አካባቢና ከዳሽቦርዱ ሥር ናሙና ተነሳ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ መኪናው ውስጥ ደም መኖሩን፣ ያም ደም የጨቅላ ሕፃን ደም መሆኑን መሰከረች። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ብረት ላይ የታየው ነጠብጣብ ከተቆረጠ የደም ሥር የተረጨ ነው ተባለ። ከለንደን የተጠሩት ፕሮፌሰር ጀምስ ካሜሮን ደግሞ የሕፃኗ ልብስ ላይ በደም የተነከረ የእጅ አሻራ እንደሚታይ ተናገሩ።

ዐቃቤ ሕግ ሊንዲ ልጇን መኪናው ውስጥ አንገቷን ቆርጣ ገደለቻት አለ። ለምን እንደገደለቻት ግን አንድም ምክንያት አላቀረበም። ጥቅምት 1982 ዳርዊን ከተማ ውስጥ ሊንዲ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት፤ ማይክልም በተባባሪነት ጥፋተኛ ተብሎ በገደብ ተለቀቀ። ሊንዲ ፍርዱን ስትሰማ ነፍሰ ጡር ነበረች። በሚቀጥለው ወር እስረኛ እንደሆነች ሴት ልጅ ወለደች። ይግባኟ ሁለት ጊዜ ውድቅ ሆነ።

ደም መሆኑ የሚታወቀው እንዴት ነው?

ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ለመረዳት ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ደረጃ የፍንጭ ምርመራ ነው። ደማችንን ቀይ የሚያደርገው ሂሞግሎቢን ብረት ያለበት ነገር ነው። ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚያወጣውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከአንዳንድ ኬሚካሎች ጋር አድርገን ደም ላይ ብንጨምርበት ቀለሙ ወዲያው ይለወጣል። በሊንዲ ጉዳይ የተሠራበት ኬሚካል ኦርቶቶሊዲን ይባላል። ሉሚኖል የተባለው ደግሞ በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፤ ታጥቦ ለዓይን የማይታይ ደም እንኳን ያሳያል። ነገር ግን ደም ብቻ አይደለም ይህን የሚያደርገው። ዝገት፣ መዳብ፣ በረኪናና አንዳንድ አትክልቶችም ቀለሙን ይለውጡታል ወይም ብርሃኑን ያበሩታል። በሆስፒታልም በሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም የምንፈልገው በተመሳሳይ መንገድ ነበር፤ በሽተኛው ቀይ ሥጋ በልቶ ከመጣ ምርመራው ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ የፍንጭ ምርመራ «ደም ሊሆን ይችላል፣ ቀጥለህ ፈልግ» ይላል እንጂ «ደም ነው» አይልም።

ሁለተኛው ደረጃ የሰው ይሁን የእንስሳ መለየት ነው። ጀርመናዊው ፓውል ኡህለንሁት በ1901 የሰውን ደም ከእንስሳ ደም የሚለይ ዘዴ አገኘ። ከዚያ በፊት ልብሱ ላይ ደም የተገኘበት ሰው «በግ አርጄ ነው» ካለ ውሸቱን ማጋለጥም ሆነ እውነቱን መመስከር አይቻልም ነበር።

ሦስተኛው የማን መሆኑን መፈለግ ነው። ኦስትሪያዊው ካርል ላንድሽታይነር በዚያው ዘመን የደም ዓይነቶችን ለየ፤ ዛሬ ደም ስንለግስ «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ኤቢ»፣ «ኦ» የምንለው የእርሱ ሥራ ውጤት ነው። ነገር ግን በአንድ ከተማ ውስጥ «ኦ» ደም ያለው ሰው ስንት ነው? የደም ዓይነት «ይህ ሰው አይደለም» ለማለት ጥሩ ነው፤ «ይህ ሰው ነው» ለማለት ግን አይበቃም።

በጤና ሥራ ላይ የቆየን ሰዎች ይህን ጥንቃቄ ከሌላ ቦታ እናውቀዋለን። የኤች አይ ቪ ምርመራ የመጀመሪያው ውጤት ቫይረሱ አለ ቢል እንኳን፣ በሌላ ዓይነት ምርመራ ሳይረጋገጥ ለሰውየው «አለብህ» አይባልም። አንድ ሰው ሕይወቱ የሚለወጥበትን ቃል ከመስማቱ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ወህኒ ለሚወርድ ሰውም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም።

የተሳሳተው ምኑ ላይ ነው?

የሕፃን ደም ከአዋቂ ደም የሚለየው በሂሞግሎቢኑ ነው። ጽንሱ በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ደም ኦክስጅን መሳብ ስላለበት ለዚያ የሚመች የራሱ ሂሞግሎቢን አለው። ከተወለደ በኋላ ይህ ቀስ በቀስ በአዋቂው ይተካል፤ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው የሚቀረው ጥቂት ነው። ሁለቱ ሂሞግሎቢኖች ግን በከፊል አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ከሁለት ዓይነት ሰንሰለቶች የተሠሩ ሲሆኑ አንደኛው ዓይነት ሰንሰለት የጋራቸው ነው። መለያው ፈሳሽ በሚገባ ካልተጣራ ይህን የጋራ ክፍል ይይዝና የአዋቂውን ደም «የሕፃን ነው» ይላል።

በሊንዲ ጉዳይ የሆነው ይህ ነው። ለምርመራው የዋለው ፈሳሽ ለአዋቂ ደምም መልስ የሚሰጥ መሆኑ በኋላ ታወቀ። ናሙናው ከዓመት በላይ በሞቃት መኪና ውስጥ የቆየ ስለነበረ እንዲህ ላለ ምርመራ አይመችም ነበር። የምርመራው ሳህኖች ደግሞ ከችሎቱ በፊት ተጥለዋል፤ የተከላካይ ባለሙያዎች «እስቲ እኛም እንየው» ቢሉ የሚያዩት ነገር አልነበረም።

ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው «የተረጨ ደም» ደግሞ ደም አልነበረም። መኪናው ሲሠራ ድምፅ እንዳያሰማ ፋብሪካው የሚረጨው ውህድ ነበር፤ ሌሎች ቶራና መኪናዎች ሲፈተሹ በዚያው ቦታ ተመሳሳይ ነጠብጣብ ተገኘ። ቤተሰቡ ይኖር የነበረው ማውንት አይዛ በምትባል የመዳብ ማዕድን ከተማ ነበር፤ የመዳብ ብናኝ ደግሞ የፍንጭ ምርመራውን ቀለም እንደሚለውጥ ከላይ አይተናል። በልብሷ ላይ የእጅ አሻራ ነው የተባለውም አብዛኛው የበረሃው ቀይ አሸዋ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ላይ ቤተሰቡ በ1979 በመኪና አደጋ ቆስሎ የሚደማ ሰው መንገድ ላይ አግኝተው በዚያችው መኪና አሳፍረውት ነበር። እውነተኛ ደም ቢገኝም እንኳን፣ «እንዴት እዚህ ደረሰ?» ለሚለው አራተኛ ጥያቄ መልሱ ለሰው የተሠራ በጎ ሥራ ሊሆን ይችል ነበር።

ጃኬቷ ተገኘች

በ1986 መጀመሪያ አንድ እንግሊዛዊ ጎብኚ ከኡሉሩ ቋጥኝ ላይ ወድቆ ሞተ። በአካባቢው ፍለጋ ሲደረግ ዲንጎዎች ከሚኖሩበት ጉድጓዶች አቅራቢያ አንዲት ትንሽ የሕፃን ጃኬት ተገኘች። ሊንዲ አለች ብላ የተናገረቻት፣ ዐቃቤ ሕግ ግን ያላመናት ጃኬት ነበረች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊንዲ ከሦስት ዓመት በላይ ከታሰረች በኋላ ተፈታች።

ዳኛ ትሬቨር ሞርሊንግ የመሩት አጣሪ ኮሚሽን ማስረጃውን አንድ በአንድ መርምሮ በ1987 ሪፖርቱን አቀረበ፤ በመኪናው ውስጥ የአዛርያ ደም መኖሩ አልተረጋገጠም አለ። በ1988 ፍርድ ቤት የሁለቱንም ጥፋተኝነት ሰረዘ። ሙሉው እውነት በመዝገብ እስኪሰፍር ግን ብዙ ዓመት ወሰደ። በ2012 አጣሪ ዳኛ ኤልዛቤት ሞሪስ የሕፃኗን ሞት ያደረሰው ዲንጎ መሆኑን ወስነው የሞት ምስክር ወረቀቱ እንዲስተካከል አደረጉ፤ ለቤተሰቡም ኀዘናቸውን ገለጹ። ሕፃኗ ከጠፋች 32 ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ነበር የቀረው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ያደረው ግን የአንዲት እናት ዕድሜ ነው።

ደም ንጹሑን ሲያድን

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው የደም ምርመራ ዋጋ የለውም» እንዳይል፣ ተቃራኒውን ታሪክም ልጨምር። በእንግሊዝ አገር ሌስተርሻየር ውስጥ በ1983 እና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተደፍረው ተገደሉ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ተይዞ ሁለተኛዋን እንደገደለ ተናዘዘ። በሌስተር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፕሮፌሰር አሌክ ጄፍሪስ በ1984 የሰውን ዘረመል ወይም ዲኤንኤ ከሰው ሰው ለይቶ የሚያሳይ ዘዴ አግኝተው ነበር። የልጁን ደም ወስደው ከገዳዩ የዘር ፈሳሽ ጋር ሲያስተያዩት ልጁ ገዳይ አለመሆኑ፣ ሁለቱንም የገደለው ግን አንድ ሰው መሆኑ ታወቀ። ልጁ በአፉ «ገድያለሁ» ብሎ ነበር፤ ደሙ ግን «አልገደለም» አለ።

ከዚያ ፖሊስ በአካባቢው በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች ደም እንዲሰጡ ጠየቀ። ገዳዩ ኮሊን ፒችፎርክ የሥራ ባልደረባውን ለምኖ በስሙ ደም እንዲሰጥለት አደረገ። ባልደረባው ይህንን መጠጥ ቤት ውስጥ ሲያወራ ተሰማ፤ ፒችፎርክ ተይዞ በ1988 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ ስለሌለው ከደም ጠብታ ላይ ለዚህ ምርመራ የሚያገለግለው ዲኤንኤ የሚገኘው ከነጭ የደም ሴሎች ነው። ዲኤንኤም ቢሆን «የማን ነው?» የሚለውን ይመልሳል እንጂ «መቼና እንዴት እዚህ ደረሰ?» የሚለውን አይመልስም። የአባወራው ደም በራሱ ማድቤት ቢገኝ ሽንኩርት ሲከትፍ እጁን ቆርጦት ሊሆን ይችላል።

በእኛ ቤትስ?

ክፉ ነገር ደጃችን እንዳይደርስ እንጸልያለን፤ ቢደርስ ግን ቤተሰብ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከሁሉም በፊት የተጎዳውን ሰው መርዳት ነው፤ ማስረጃ ከነፍስ አይበልጥም። የሌላ ሰው ደም ስትነኩ ግን ጓንት፣ ጓንት ከሌለ ንጹሕ ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጉ።

ሁለተኛ፣ ፖሊስ እስኪመጣ ወለሉን አትወልውሉ፣ በረኪና አታፍስሱ፣ ዕቃ ከቦታው አታንሱ። ቤት ለለቅሶ ይጸዳ ብለው የሚረባረቡ ጎረቤቶችን አንድ ትልቅ ሰው በር ላይ ቆሞ ይመልሳቸው።

ሦስተኛ፣ ደም የነካውን ልብስ አትጠቡ። እርጥብ ልብስ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ ይሻግታል፣ ማስረጃውም ይበላሻል። ጥላ ውስጥ ደርቆ በወረቀት ከረጢት ወይም በንጹሕ ወረቀት መጠቅለል አለበት።

አራተኛ፣ ልጅ ከተደፈረ ወይም ከተደፈረች፣ የእናት ልብ መጀመሪያ የሚያዘው ማጠብን ነው። ሳይታጠቡ፣ ልብስ ሳይቀየር፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። የሚጠፋው ማስረጃ ብቻ አይደለም፤ ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል። «ሰው ምን ይለናል» እየተባለ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት የልጁ ወይም የልጅቷ ሰዓት ነው።

አምስተኛው ለአፋችን ነው። የሰፈር ሰው፣ የዕድር ጓደኛ፣ ዘመድ ሲጠረጠር «ደም ተገኝቶበታል» የሚለውን ወሬ ከመቀባበላችን በፊት እንጠይቅ፦ ደም መሆኑ ተረጋግጧል? የሰው ነው? የማን ነው? እንዴት እዚያ ደረሰ? አራቱ ካልተመለሱ ምርመራው አላለቀም። እናት አላለቀሰችም ተብሎ ደግሞ አይፈረድባትም። ኀዘን በየሰው ላይ መልኩ ይለያያል፤ ዓይን ያላነባው ሁሉ ልብ አላነባም ማለት አይደለም።